ያልደረሰ ዕቃ፣ የተከፈለ ብር፦ በዋግ ኽምራ ከአቅራቢ ገንዘብ የማስመለስ ጥያቄ ዳሰሳ

ዕቃ በሩቅ ከተማ ታዝዞ ዋጋው አስቀድሞ በሚከፈልበት ንግድ ዕቃው ሲዘገይ ወይም ትዕዛዙ ሲሰረዝ ገዢው ገንዘቡን ከማን፣ ምን ያህሉንና በምን መንገድ ያስመልሳል የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ሕግ ከስድሳ ዓመት በላይ የቆየ መልስ አለው፤ መልሱ ግን በገበያው ዘንድ እምብዛም አይታወቅም። ይህ ዳሰሳ ጥያቄውን የሚመረምረው በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይም በሰቆጣ ከተማና በደሃና ወረዳ ሁኔታ ውስጥ ነው። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ 720 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ፣ የደሃና ዋና ከተማ አምደወርቅም ከሰቆጣ ሌላ ጉዞ ስለሚጠይቅ፣ የወፍጮ ሞተር፣ ቆርቆሮ፣ የውሃ ፓምፕ ወይም ዘመናዊ ቀፎ የሚፈልግ ነጋዴ ወይም ማኅበር መርካቶ ድረስ ወርዶ ዕቃውን ዓይቶ ከመክፈል ይልቅ በስልክ ተስማምቶ ገንዘቡን በባንክ ወይም በቴሌብር ማስተላለፍ ይቀለዋል። በዚህ ዓይነቱ ግብይት ገዢው ገንዘቡን ከላከበት ቀን ጀምሮ ዕቃውን እስኪረከብ ድረስ በእጁ የሚቀረው የአቅራቢው ቃልና፣ ካለ፣ አንድ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ነው።

የጉዳዩ መሠረት በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ስለ ውል በጠቅላላው የሚደነግገው ክፍል እስካሁን በሥራ ላይ ይገኛል። በአንቀጽ 1771 መሠረት አንዱ ወገን ውሉን ካልፈጸመ ሌላው እንዲፈጸምለት መጠየቅ፣ ወይም ውሉ እንዲሰረዝ መጠየቅ፣ ወይም እንደ ሁኔታው ራሱ መሰረዝ ይችላል፤ በእነዚህም ላይ የደረሰበትን ኪሳራ ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ሕጉ ገዢው ከዝምታ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ ስረዛ እንዲሄድ አይፈቅድለትም። በአንቀጽ 1772 አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዝዘዋል፤ ማስጠንቀቂያ ማለትም ባለዕዳው ግዴታውን እንዲፈጽም የሚጠየቅበት፣ በጽሑፍ ወይም ፈቃድን በግልጽ በሚያሳይ ሌላ አኳኋን የሚሰጥ ማሳሰቢያ ነው። ገዢው በዚሁ ማስጠንቀቂያ ውስጥ በቂ የሆነ የመጨረሻ ጊዜ ወስኖ፣ ከዚያ በኋላ ዕቃውን እንደማይቀበል ሊያስታውቅ ይችላል፤ ጊዜው ካለፈ በአንቀጽ 1787 መሠረት ውሉን ለመሰረዝ የፍርድ ቤት ፈቃድ አያስፈልገውም።

ለዋግ ገዢ ከዚህ ሥርዓት ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የማስጠንቀቂያው ልዩ ሁኔታ ነው። ግዴታው ሊፈጸም የሚችለው በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ብቻ መሆኑ በውሉ ከታወቀና ጊዜው ካለፈ፣ ወይም አቅራቢው እንደማይፈጽም በጽሑፍ ካስታወቀ፣ ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም። ስለዚህ «እስከ ግንቦት 30 ድረስ፣ ከዚያ ወዲያ አያስፈልግም» የሚል አንድ መስመር በትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ መስፈሩ ወይም አለመስፈሩ፣ ገዢው በማግሥቱ ገንዘቡን ለመጠየቅ ይችላል ወይስ ደብዳቤ ጽፎ ገና ይጠብቃል የሚለውን ይወስናል። በተለምዶ የሚነገረው «ቶሎ ይድረስልኝ» ግን በሕግ ፊት ቀን አይደለም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው የተከፈለው ገንዘብ ምን ዓይነት ገንዘብ ነው የሚለው ነው፤ ገበያው «ቀብድ» እና «ቅድሚያ ክፍያ» የሚላቸውን ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ስለሚያደባልቅ ልዩነቱ ሳይታይ ይቀራል። ቀብድ በሕጉ አነጋገር ውል ለመደረጉ ማስረጃ የሚሆን ገንዘብ ሲሆን፣ በአንቀጽ 1885 መሠረት ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቅቆ ውሉን መሰረዝ ይችላል፤ የተቀበለው ወገን ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ በመመለስ ሊሰርዝ ይችላል። ቅድሚያ ክፍያ ግን የዋጋው አካል ስለሆነ ይህ የእጥፍ ደንብ አይመለከተውም፤ ውሉ ሲሰረዝ የሚመለሰው የተከፈለው መጠን ነው፣ ከዚያ በላይ ያለው በኪሳራ ደንብ ይታያል። ሐሳቡን የቀየረው ገዢው ራሱ ሲሆን ልዩነቱ ወደ ጉዳት ይዞራል፤ 10,000 ብር ቀብድ የከፈለና በኋላ ትዕዛዙን የተወ ሰው ያን ገንዘብ መልስልኝ ለማለት የሚቆምበት መሬት የለውም። በገበያ ላይ «ቀብድ አይመለስም» የሚባለው አባባል እንግዲህ የሕጉን ግማሽ ብቻ የያዘ ነው፤ ለሻጩ የሚጠቅመው ግማሽ ተነግሮ በሻጩ ላይ የሚሠራው ተዘንግቷል።

ይህ ዳሰሳ ዋና ብሎ የሚይዘው ነጥብ ግን የተመላሹ መጠን ነው። ውል ሲሰረዝ አንቀጽ 1815 ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ውሉ ባይደረግ ኖሮ ወደሚገኙበት ሁኔታ እንዲመለሱ ያዝዛል፤ አቅራቢዎችና አብዛኞቹ ገዢዎች ይህን የሚረዱት የተላከው ብር በቁጥሩ እንዲመለስ ያዘዘ አድርገው ብቻ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የመስኖ ማኅበር ለውሃ ፓምፕ 100,000 ብር ከፍሎ ከሦስት ወር በኋላ ትዕዛዙ ቢሰረዝና በዚያን ጊዜ የፓምፑ ዋጋ 150,000 ብር ቢደርስ፣ 100,000 ብሩ ያለ ጉድለት ቢመለስም ማኅበሩ ፓምፑን ሊገዛበት አይችልም። በአንቀጽ 1751 የተወሰነው ሕጋዊ ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው፤ በሦስት ወር 2,250 ብር ይሆናል፣ ክፍተቱ ግን 50,000 ብር ነው። ይህን ክፍተት የሚሞላው የተመላሽ ደንብ ሳይሆን የኪሳራ ደንብ ነው። አንቀጽ 1790 ስረዛ ጠያቂው በተጨማሪ ኪሳራ እንዲጠይቅ ሲፈቅድ፣ አንቀጽ 1799 የኪሳራውን ልክ ውሉ ባለመፈጸሙ በአእምሮው ሚዛን ባለ ሰው ግምት በተለምዶ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት ነው ይላል፤ ለዕቃ ገዢ ከዚህ የበለጠ የተለመደ ጉዳት ደግሞ ያንኑ ዕቃ ከሌላ ሻጭ በጨመረ ዋጋ መግዛት ነው። እንግዲህ «ገንዘቤን መልሱልኝ» ብሎ ብቻ የሚከስ ገዢ ከመብቱ ትልቁን ክፍል ራሱ ትቶታል፤ ከሌላ ሻጭ የተጻፈ የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) አያይዞ ልዩነቱንም የሚጠይቅ ግን የሕጉን ሙሉ ጥበቃ ይፈልጋል።

ክርክሩ ይበልጥ የከረረው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ነው። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ ከዚያ በፊት ብር ተቀብለው ዕቃ ያልሰጡ አስመጪዎችና አከፋፋዮች ትዕዛዙን ሰርዞ የተቀበሉትን መመለስ ከማድረስ ይልቅ የሚያዋጣቸው ሆነ። ሕጉ በዚህ ላይ የያዘው አቋም ጠንካራ ነው፤ በአንቀጽ 1764 የአፈጻጸሙ ሁኔታ ተለውጦ ግዴታው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል፣ በአንቀጽ 1794 ደግሞ ለውሉ አፈጻጸም የሚያስፈልጉ ጥሬ ዕቃዎች ዋጋ መናር ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሆኖ አይቆጠርም። ከዚያ በፊት ለዓመታት የዘለቀውና አስመጪዎች የሚያነሡት «ዶላር ጠፋ» የሚለው ምክንያትም ቢሆን ደካማ መከላከያ ነው፣ ምክንያቱም የምንዛሪ እጥረቱ ብር ሲቀበሉ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለነበር ሊታሰብ የማይችል ድንገተኛ ክስተት ነው ሊባል አይችልም።

ጦርነት ግን ከዚህ የተለየ ምርመራ ይጠይቃል፤ በዋግም ከሁሉ በላይ የሚነሣው እርሱ ነው። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ሰቆጣን ለወራት በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር አውሎ፣ ባንክ፣ መብራትና ስልክ አቋርጦ፣ የአካባቢውን ንግድ ከምንጩ ለያይቶት ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙም ወደ ሰሜን የሚጓዝ ዕቃ የሚከማችባቸው መጋዘኖች ተዘርፈዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1792 ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል የሚለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም መሰናክል የሆነበትን ክስተት ሲሆን፣ በአንቀጽ 1793 ከሚዘረዝራቸው ምሳሌዎች መካከል የውጭ ወይም የእርስ በርስ ጦርነት ይገኛል። አቅራቢዎች ይህን አንቀጽ ጠርተው ገንዘቡንም ሊያስቀሩ ይሞክራሉ፤ የአንቀጹ ውጤት ግን ያን ያህል አይሰፋም። ከአንቀጽ 1791 ጋር ተያይዞ ሲነበብ ጦርነት አቅራቢውን ነጻ የሚያወጣው ከኪሳራ ነው፤ ላልሰጠው ዕቃ የተቀበለውን ዋጋ ይዞ እንዲቀር የሚፈቅድለት ደንብ የለም። ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው ማኅበር በጦርነት ምክንያት ፓምፑን ቢያጣ 50,000 ብሩን ላያገኝ ይችላል፣ 100,000 ብሩን ግን ሊከለከል አይገባም።

ገንዘቡ ራሱ የሚጠፋው ዕቃው በመንገድ ላይ ወይም በመጋዘን ሳለ ሲዘረፍና ያ ዕቃ በዚያን ሰዓት የማን ኃላፊነት ነበር የሚለው በገዢው ላይ ሲወሰን ነው። በሽያጭ ሕግ የዕቃው መጥፋት አደጋ ወደ ገዢው የሚሻገረው በርክክብ ሲሆን፣ አደጋው ከተሻገረ በኋላ ዕቃው ቢጠፋም ገዢው ዋጋውን መክፈል እንዳለበት አንቀጽ 2323 ይደነግጋል። ርክክቡ «ሰቆጣ መጋዘን ድረስ» ተብሎ ከተጻፈ ኮምቦልቻ ላይ የተዘረፈው ዕቃ የአቅራቢው ኪሳራ ነው። «አዲስ አበባ ላይ ለአጓጓዥ በማስረከብ» ከተባለ ወይም ገዢው ራሱ አይሱዙ ተከራይቶ በሹፌሩ በኩል ከተረከበ ደግሞ ኪሳራው የገዢው ይሆናል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገዶችን በተደጋጋሚ ስለዘጋ ጥያቄው የትናንት ብቻ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን ዛሬ ውል የሚገባ አቅራቢ መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል አያውቅም ነበር ለማለት መቸገሩ ነው።

ከውል ሕግ ጎን ሸማቹን የሚጠብቅ የተለየ ሕግ አለ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ነገር ግን ሸማች የሚባለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ የተፈጥሮ ሰው በመሆኑ፣ መልሶ ለመሸጥ የሚያዝ የሰቆጣ ባለሱቅ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበርና መሥሪያ ቤት ከዚህ ጥበቃ ውጭ ናቸው። ደንቡም የሚናገረው በዋናነት ደርሶ ጉድለት ስለተገኘበት ዕቃ ነው፤ ጭራሽ ስላልደረሰው የሚሰጠው መልስ ጠባብ ነው። በሌሎች አገሮች ይህ ክፍተት በቁጥር ተሞልቷል፤ በአሜሪካ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፖስታ ለሚታዘዝ ዕቃ የወጣው ደንብ ሻጩ ሌላ ቀን ካልገለጸ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲልክ፣ ካልቻለም ገዢውን አስፈቅዶ ጊዜ እንዲያራዝም ወይም ገንዘቡን እንዲመልስ ያስገድዳል፤ የአውሮፓ ኅብረት የ2011 እ.ኤ.አ. የሸማቾች መብት መመሪያም የተለየ ስምምነት ከሌለ ርክክቡ በ30 ቀናት እንዲፈጸም ያዝዛል።

በግብርና ግብዓት ላይ ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። ማዳበሪያ ወደ አገር የሚገባው በኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን በኩል ሲሆን፣ በዩኒየኖችና በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አልፎ ገበሬው ዘንድ ይደርሳል። በ2015 ዓ.ም. የመኸር ወቅት በአማራ ክልል በተከሰተው እጥረት ብዙ ገበሬዎች በዘር ጊዜ ማዳበሪያ አጥተዋል። ገበሬው አስቀድሞ ገንዘብ የከፈለ እንደሆነ የሚጠይቀው ገንዘቡን የተቀበለውን ማኅበር ነው፣ ምክንያቱም በአንቀጽ 1952 መሠረት ውል በተዋዋዮች መካከል ብቻ ውጤት አለው፤ ኮርፖሬሽኑ ከገበሬው ጋር የፈጸመው ውል የለም። ማኅበሩ ደግሞ ራሱ ከላዩ ካለው ዩኒየን የሚጠብቅ፣ አባላቱም እነዚያው ገበሬዎች የሆኑበት ድርጅት ነው። በሌላ በኩል የጊዜው ነገር እዚህ ላይ እንደ ሌላው ዕቃ ሰፊ ክርክር አይፈልግም፤ ዘር ከተዘራ በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ የተወሰነ ጊዜ ላለፈበት ግዴታ ከሁሉ የጠራ ምሳሌ ነው።

ተመላሽ የማግኘት ዕድል የተሻለው በመንግሥት ግዢ ነው። በ2002 ዓ.ም. በወጣው የፌዴራል የግዢ መመሪያ ቅድሚያ ክፍያ ከውሉ ዋጋ 30 በመቶ እንዳይበልጥና ተመጣጣኝ ዋስትና እንዲቀርብበት፣ የውል ማስከበሪያ እንዲያዝ፣ ለዘገየ ዕቃም በየቀኑ ባልቀረበው ዋጋ ላይ 0.1 በመቶ መቀጫ እስከ ውሉ 10 በመቶ ድረስ እንዲቆረጥ ተደንግጎ ነበር። በዚህ አሠራር መሥሪያ ቤቱ ገንዘቡን ለማስመለስ ከአቅራቢው ጋር መነታረክ ላያስፈልገው ይችላል፤ ለዋስትና ሰጪው ባንክ በደብዳቤ ይጠይቃል። ይህም የሚሠራው ዋስትናው «ያለ ቅድመ ሁኔታ» የሚከፈል ሲሆን ነው፤ ቅድመ ሁኔታ ያለበት የኢንሹራንስ ቦንድ ከሆነ ሰጪው አስቀድሞ የአቅራቢው ጥፋት እንዲረጋገጥ ስለሚጠይቅ ነገሩ ወደ ክርክር ይመለሳል። የግል ገዢዎች ይህን መሣሪያ ለምን እንደማይጠቀሙበት ማሰብ ተገቢ ነው፤ ባንክ ዋስትና ለማንኛውም ደንበኛ የሚሰጠው አገልግሎት ሲሆን፣ የአገልግሎት ክፍያውን በዋጋው ላይ አስጨምሮ መጠየቅ ለትልቅ ትዕዛዝ ከክስ ወጪ ያነሰ ነው። ዋስትና ሳይኖር በጅምላ ቅድሚያ መክፈል የሚያስከትለውን ለማየት በአዲስ አበባ ከሁለት ሺህ በላይ ቤት ገዢዎች ከፍለው ቤታቸውን ሳይረከቡ ለዓመታት የተንገላቱበት የአክሰስ ሪል ስቴት ጉዳይ ይበቃል።

ማስረጃን በተመለከተ የተንቀሳቃሽ ዕቃ ሽያጭ የተለየ ፎርም ስለማይጠየቅበት በምስክርም ሊረጋገጥ ይችላል። የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀት መከፈሉን ያሳያል፣ ለምን እንደተከፈለ ግን አይናገርም፤ በማስተላለፊያው ላይ ባለው የምክንያት ቦታ «ለፓምፕ ቅድሚያ ክፍያ» ብሎ መጻፍ ጥቂት ሰከንድ የሚፈጅ ሥራ ሲሆን ሳይጻፍ የሚቀርበት ጊዜ ይበዛል። የስልክ መልእክቶችም በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ሕጋዊ ዋጋ ተሰጥቷቸዋል። ሌላው አደጋ ተመላሹ በስምምነት ወደ ብድር ሲለወጥ የሚመጣው ነው፤ አቅራቢው «ብድር እንዳለብኝ ቁጠረው» ሲል ገዢው ያለ ጽሑፍ ቢስማማ፣ በአንቀጽ 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር ስለማይረጋገጥ የነበረውን ማስረጃ ራሱ ያዳክማል።

ክሱ በየትኛው ፍርድ ቤት ይታይ የሚለው በዋግ ካለው ርቀት የተነሣ የጉዳዩን ዕጣ ሊወስን ይችላል። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 24 የውል ክስ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታ ሊቀርብ ስለሚችል፣ ርክክቡ ሰቆጣ እንዲሆን የተጻፈበት ውል ገዢው ለእያንዳንዱ ቀጠሮ አዲስ አበባ ከመመላለስ ያድነዋል። ተከራካሪዎቹ በተለያዩ ክልሎች የሚኖሩ በመሆናቸው ጉዳዩ የፌዴራል ሥልጣን ውስጥ ቢወድቅም፣ ሕገ መንግሥቱ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች በውክልና ስለሰጠ፣ አቤቱታው በብሔረሰብ አስተዳደሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። የፍርዱ አፈጻጸም ግን የአቅራቢው ንብረት ባለበት በአዲስ አበባ መከናወኑ አይቀርም። ፖሊስ ጣቢያ የሚያመለክቱ ገዢዎች «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ተብለው የሚመለሱት ብዙውን ጊዜ በአግባቡ ነው፤ ዕቃ አለማድረስ በራሱ ወንጀል አይደለም፣ ወንጀል የሚሆነው አቅራቢው ገንዘቡን ሲቀበል ጀምሮ ያሰበው ማታለል ከሆነ ወይም ለተመላሽ ብሎ ስንቅ የሌለው ቼክ ከሰጠ ነው።

በተግባር ግን ትልቁ ድርሻ የሽማግሌዎች ነው። በሰቆጣም ሆነ በአምደወርቅ ነጋዴዎች እርስ በርስ ሲጣሉ ነገሩ አስቀድሞ የሚቀርበው ለሽምግልና ነው፤ አቅራቢው የአካባቢው ተወላጅ ወይም በሰቆጣ ዘመድ ያለው ሲሆን ከማንኛውም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ይልቅ ይህ መንገድ ገንዘቡን ቶሎ ያመጣል። የሽማግሌዎቹ ልማድ ግን ሁለቱንም ለማግባባት ዋናውን ገንዘብ አስመልሶ ሌላውን «ይቅር ተባባሉ» ማለት ሲሆን፣ የዋጋ ልዩነቱም የዘገየበት ወለድም በዚያው ይቀራሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት የተደረገ ግልግል በተስማሚዎቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ስለሚቆጠር፣ በእርቅ ወረቀቱ ላይ «የተከፈለው ዋጋ ተመልሷል፣ ኪሳራን በሚመለከት የገዢው መብት የተጠበቀ ነው» የሚል ሐረግ ሳይገባ የፈረመ ገዢ ስለ ቀረው ልዩነት በኋላ ፍርድ ቤት ሊሄድ አይችልም።